ላንጋኖ ላይ የእህት ወይ የወንድም ሰርግ ሲጠሩ እንዴት እንደሚኬድ

አሁን አሁን ድንኳን የለ፣ አዳራሽ የለ፣ ሚዜ የለ፣ "ላንጋኖ ሀይቁ ዳር 40 ሰው ሆነን እንጋባለን፣ ዝም ብላችሁ ኑ" የምትል ቴክስት ብቻ ነው የምትደርሰው። እኔም ታናሽ እህቴን የዳርኳት እንደዚህ ነው። "ዝም ብላችሁ ኑ" የምትለዋን ግን አትመኑ፣ እህት ወንድም ከሆናችሁ እንግዳ አይደላችሁም፣ ስራው ዞሮ ዞሮ እናንተ ላይ ነው የሚወድቀው።

መጀመሪያ ሙሽሮቹን ቁጭ አርጋችሁ ጠይቁ። ማን ተጠራ፣ የት ይታደራል፣ ክፍሉን ማን ይከፍላል፣ የወሳኝ ኩነት ፊርማውስ አልቋል ወይ። ያሳፍራል ግን ሎጁ በር ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ጥር ከሆነ ደግሞ ቶሎ ክፍል ያዙ፣ ፆም ስለሌለ አገሩ ሁሉ የሚያገባው ያኔ ነው።

ቀጥሎ እናት። ትልቁ ስራ ይሄ ነው። እማዬ "ሰርግ ያለ ድንኳን? የሰው ሰርግ ስበላ ኖሬ እኔ የማላበላው ምን ሆኜ ነው?" ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈች፣ እውነቷንም ነው። ሙሽራዋ እንድታስረዳት አትላኳት ይጣላሉ፣ እናንተ መሀል ግቡ። እኛን ያስታረቀን መልሱ ነው፣ ሰርጉ ላንጋኖ ይሁን መልሱ ግን አዲስ አበባ እማዬ ቤት፣ እድርተኛውም ጎረቤቱም ተጠርቶ ዶሮው ተሰርቶ ብለን ተስማማን፣ ማታውኑ እስክሪብቶ አምጡልኝ ብላ የሚጠራውን ሰው መፃፍ ጀመረች።

መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በፈጣን መንገዱ ሞጆ ድረስ ከዛ በመቂ በባቱ። ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ፣ የሹፌሩን ማደሪያና ምግብ አትርሱ፣ ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ አጣሩ፣ ሳይመሽም ግቡ። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ፃፉለት፣ ከአሜሪካ የመጣው የአጎታችን ልጅ "9 ሰዓት" ሲባል የነሱ መስሎት ጠዋት ሙሉ ሱፍ ለብሶ ክራቫት አስሮ ወረደ፣ እኛ በሸበጥ ቁርስ እየበላን ነበር፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀ።

ልብስ ላይ ደግሞ አስቡበት። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ዳሩም እንደዛው፣ የእማዬ ነጭ ቀሚስ መሬት ይነካ ስለነበር ገና ፎቶ ሳንነሳ ጥለቱ ሻይ የተደፋበት መሰለ። ስለዚህ ቀሚሱን ከቁርጭምጭሚት በላይ አሰፉት፣ ሂል ጫማውን እቤት ተዉት። ከሰዓት ንፋስ አለ፣ ነጠላ የሚያሲዝ መርፌ ቁልፍ ያዙ፣ እኔ የያዝኩት አስሩም በአንድ ሰዓት አለቀ። ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ ወባም አለ፣ ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስና የትንኝ ቅባት፣ ክፍሉ ውስጥ አጎበር መኖሩን እዩ። ኬክ ከአዲስ አበባ የምትወስዱ ከሆነ ክሬም ያለውን አትዘዙ፣ የኛው ባቱ ሳይደርስ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ነበር።

ሽልማት በቴሌብር መላክ ቀላል ነው፣ ኔትወርክ ከጠፋ ብላችሁ ግን ካሽ በኤንቬሎፕ ያዙ። የሚመርቀውን ሽማግሌ ቀድማችሁ ንገሩት፣ እዛው ሲባል ሁለት ሰው ይነሳና አንዱ ይቀየማል። የሙሽራዋን ስልክ ተቀበሏት፣ የጠፋ መኪና ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚደውለው።

በነጋታው ቀድማችሁ ተነሱ፣ የቤተሰቡን ክፍሎች ሂሳብ ዝጉ፣ ከሚኒባሩ የተወሰደ ካለ እዛው ተጠያየቁ፣ የተረፈውን ለስላሳና ዳቦ ጫኑ፣ ሙሽሮቹን አትቀስቅሱ፣ መልሱ ላይ ትገናኛላችሁ።