በአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ላይሰንስ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አገር ቤት ፊዚዮቴራፒ ተምረው፣ ሆስፒታል ውስጥ ዓመታት ሠርተው አሜሪካ የገቡ ወገኖች አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬም ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። «ወረቀቴን ልጨርስና» ይላሉ። ያዘገያቸው ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ የአንዱን ስቴት ሕግ ለሌላው እየወሰዱ፣ ወይም ከሰው የሰሙትን አምነው ነው። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ስህተት ቀድሞ ቢታወቅ በቀላሉ የሚቀር መሆኑ ነው።

«የአሜሪካ ላይሰንስ» አለ ብሎ ማሰብ

እንዲህ የሚባል ላይሰንስ የለም። ላይሰንስ የሚሰጠው ስቴቱ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግና የራሱ ቦርድ አለው። በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነው ኤንፒቲኢ የሚባለው ብሔራዊ ፈተና ነው።

ልዩነቱ የፎርም ብቻ እንዳይመስልዎ። ቨርጂኒያ ዕውቅና ከሰጠቻቸው ትምህርት ቤቶች ውጭ የተማረ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የ1,000 ሰዓት ልምምድ እንዲጨርስ ትጠይቃለች፤ ያውም ላይሰንስ ባለው ፊዚዮቴራፒስት ቀጥተኛ ቁጥጥር ሥር። ካሊፎርኒያም ውጭ አገር የተማረውን ከዘጠኝ ወር ለማይበልጥ ጊዜ በቁጥጥር ሥር እንዲሠራ ታደርጋለች። ግን መጀመሪያ ፈተናውን ማለፍ አለብዎት። ቦታውንም ቦርዱ ሊያጸድቀው ይገባል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለው ጓደኛዎ የሄደበት መንገድ ሎስ አንጀለስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል። አንድ ሰው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ይሠራል፣ ከሰዓት ዲሲ ያለ ታካሚ ቤት ይሄዳል። ይህ በአንድ ቀን ሁለት ሕግ ነው፤ የቨርጂኒያና የዲሲ። የሚታየው እርስዎ የሚያድሩበት ቦታ አይደለም፤ ታካሚው ያለበት ነው። በቪዲዮ ሲያክሙም እንደዚያው።

ፒቲ ኮምፓክት የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ። ከአባል ስቴት ወደ ሌላው ሄዶ ለመሥራት መንገድ ያቀላል። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አሉበት። ነገር ግን ስምምነቱ የሚጠቅመው የሚኖርበት ስቴት አባል ሆኖ እዚያ ሙሉ ላይሰንስ ላለው ሰው ነው። ለሚሄዱበት ስቴት ሁሉ ለየብቻ አመልክተው፣ ከፍለው ነው ፈቃዱን የሚያገኙት። ገና ለሚጀምር ሰው አቋራጭ አይደለም።

የኢሚግሬሽኑን ሰርተፊኬት ከላይሰንስ ጋር ማምታታት

ለሥራ ቪዛ ወይም በሥራ በኩል ለሚገኝ ግሪን ካርድ የጤና ባለሙያ ሰርተፊኬት ይጠየቃል። እሱ ለኢሚግሬሽን ነው። ታካሚ ለመንካት አያስችልም። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ለመጣ ሰው ደግሞ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «ይህ ለቪዛ ነው ወይስ ለቦርዱ?» ብለው ይጠይቁ።

የትምህርት ማስረጃን እንደ ቀላል ነገር ማየት

ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ የአገር ቤቱን ዲግሪ ራሱ አይመዝንም። እንደ ኤፍሲሲፒቲ ወዳሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ይልካል። እነሱም ኮርስ በኮርስ፣ ክሬዲት በክሬዲት ከአሜሪካው ትምህርት ጋር ያነጻጽራሉ። እዚህ አገር አዲስ የሚመረቁ ፊዚዮቴራፒስቶች በዶክትሬት ደረጃ ነው የሚወጡት። ስለዚህ በባችለር የመጣ ሰው ክፍተት ቢገኝበት አይደንግጥ። የጎደለውን ኮርስ ወስዶ ማሟላት ይቻላል።

ስህተቱ ሌላ ነው። «ዲግሪዬ ይኸው» ብሎ ኮፒ ይዞ መቅረብ። ገምጋሚው የሚፈልገው ከሬጅስትራር በቀጥታ የተላከ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የየኮርሱ ዝርዝርም ያስፈልጋል፦ ምን ተማሩ፣ ስንት ሰዓት ክፍል፣ ስንት ሰዓት ሆስፒታል። በተለይ የሆስፒታል ልምምድ ሰዓት በጽሑፍ ካልተገኘ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። አገር ቤት እያሉ ይህን የሚያነቡ ካሉ፣ እባክዎ ከመውጣትዎ በፊት ሬጅስትራሩንም ዲፓርትመንቱንም ያነጋግሩ። እዚህ ሆኖ በስልክ ሰው ማስቸገር ከባድ ነው። የቀድሞው ኃላፊ ተዛውሯል፣ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

በስምዎ አጻጻፍ ላይም ይጠንቀቁ። ፓስፖርትዎ ላይ ያለውና ትራንስክሪፕትዎ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካልተመሳሰለ ፋይልዎ ሊቆም ይችላል።

ፈተናውን «እስኪ ልሞክረው» ብሎ መቀመጥ

ኤንፒቲኢ ተደጋግሞ የሚሞከር ፈተና አይደለም። በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መቀመጥ አይቻልም። በዕድሜ ልክ ደግሞ ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቡ ከ200 እስከ 800 ነው፤ ማለፊያው 600። ከ400 ያልበለጠ ውጤት ሁለት ጊዜ ያመጣ ሰው ከዚያ በኋላ አይፈቀድለትም። ሳይዘጋጁ ሄዶ «ምን እንደሚመስል ማየት» ከስድስቱ ዕድል አንዱን መጣል ነው። የልምምድ ፈተና ስላለ ራስዎን በሱ ይፈትሹ።

በቁጥጥር ሥር መሥራትን ለይስሙላ መውሰድ

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው። የሚጎዳው እርስዎ ብቻ ስላልሆኑ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ቀጥተኛ ቁጥጥር ማለት ተቆጣጣሪው እዚያው በአካል አለ፣ ሲጠራ ወዲያው ይደርሳል፣ ለሚሠራው ሁሉ ኃላፊ ነው ማለት ነው። በስልክ መገኘት ቁጥጥር አይባልም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ሰልጣኙ በታካሚው ፋይል ላይ የጻፈውን ተቆጣጣሪው በዚያው ቀን እንዲፈርምበት ታዛለች።

አሁን አንድ ከሰዓት በኋላን ያስቡ። አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሱፐርቫይዘርዎ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ቸኩላለች። «ሁለት ሰው ነው የቀረው፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ ጨርሰህ ዝጋ። ነገ እፈርማለሁ» ትላለች። አንዱ ታካሚ ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ናቸው፤ ከወንበር መነሳት እያለማመዷቸው ነው። አገር ቤት እንዲህ ያለ ታካሚ ስንቱን ለብቻዎ አንስተዋል። እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ይመስላል፤ ሥራው እንዳይቀርብዎትም ይፈራሉ።

እምቢ ይበሉ። በትሕትና፣ ግን በግልጽ። «እርስዎ ከሌሉ ማከም አልችልም፤ ቀጠሮውን ላዛውረው» ይበሉ። አዛውንቱ ቢወድቁ ጥያቄው የእርስዎ ችሎታ አይሆንም፤ «ማን ይቆጣጠር ነበር?» የሚል ነው። ሰዓቱም ከሚቆጠርልዎት ልምምድ ሊወድቅ ይችላል። ካልተፈረመበት ፋይል ጋር ገና ያላገኙት ላይሰንስ ከቦርድ ፊት ይቀርባል። እንዲህ ያለው ነገር ከተደጋገመ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ከዚያ ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ ለቦርዱም ያሳውቁ።

ኤይድ (ያለ ላይሰንስ የሚያግዝ ሠራተኛ) ሆነው ክሊኒክ የገቡ ሰዎችም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃሉ። ኤይድ ለመሆን ላይሰንስ አያስፈልግም፤ ሙያውን ከቅርብ ለማየት ጥሩ በር ነው። ግን ባለቤቱ እጅዎን ካየ በኋላ ቀስ በቀስ ታካሚ ይሰጥዎታል። መጀመሪያ በረዶ ማሰር፣ ከዚያ ማንቀሳቀስ፣ በመጨረሻ ሙሉ ቴራፒ። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ኤይድ የሠራውን፣ ባለሙያ ቆሞ ቢያይ እንኳ፣ እንደ ቴራፒ አይከፍልም። በፊዚዮቴራፒስት ስም ተጽፎ ከተላከ ማጭበርበር ነው። ፒቲኤ የሚባለው ረዳት ደግሞ የራሱ ፈተናና የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ሙያ ነው፤ የአገር ቤት የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ስላለ ብቻ በዚያ ስም መሥራት አይቻልም።

«ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅ

አገር ቤት ነበሩ፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ስሙ ራሱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ላይሰንስ ሳይኖርዎት ቢዝነስ ካርድ ላይ ቢያትሙት፣ ፌስቡክ ላይ ቢለጥፉት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ግቢ ውስጥ ወረቀት ቢያድሉ ሕግ መጣስ ነው። «በፊዚዮቴራፒ ኢትዮጵያ ውስጥ ዲግሪ አለኝ፤ እዚህ ገና ላይሰንስ አላወጣሁም» ማለት ግን እውነት ነው፣ ያስከብራልም።

ጉልበታቸውን ያመማቸው እማማ ሲለምኑዎት አንጀትዎ እንደማይችል ይገባኛል። ይዘዋቸው ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ ያስተርጉሙላቸው፣ ቀጠሮ ያሲዙላቸው። ይህም ትልቅ እርዳታ ነው።

ላይሰንስ ከወጣ በኋላ ሕጉን መርሳት

ታካሚን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀጥታ ማየት በሁሉም ስቴት በሆነ መልኩ ይፈቀዳል፤ ገደቡ ግን ይለያያል። ካሊፎርኒያ እስከ 45 ቀን ወይም 12 ጉብኝት ትፈቅዳለች፣ የቀደመው ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ለመቀጠል ሐኪም አይቶ ዕቅዱን ማጽደቅ አለበት። ኒውዮርክ ደግሞ 30 ቀን ወይም 10 ጉብኝት ነው፤ ባለሙያውም ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራ መሆን አለበት።

እድሳቱንም ቀን ይቁረጡለት። ቨርጂኒያ ላይ ላይሰንስ በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ባልሆነው የፈረንጆች ዓመት ዲሴምበር 31 ያበቃል። የሚጠየቀው 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት በመጨረሻው ሳምንት አይደረስበትም። ላይሰንሱ ባለቀ ማግስት አንድ ታካሚ እንኳ ቢያዩ፣ ያለ ፈቃድ እንደሠሩ ይቆጠራል።