አዲስ ጌም በድሮው ኡቡንቱ
ኡቡንቱ 20.04 (የሊኑክስ ሲስተም) ላይ ያላችሁ፣ ያወረዳችሁት ጌም «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ አልከፈት ካለ ሲስተሙን ለመቀየር አትቸኩሉ። ጂሊብሲ (glibc) ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ማለትም የኮድ ስብስብ ነው። 20.04 ይዞት የሚመጣው 2.31 ነው፤ ጌሙ የተሠራው ከዚያ በኋላ በወጣው ላይ ነው። እባካችሁ ጂሊብሲን ለብቻው አውርዳችሁ አትተኩት! ፕሮግራሙ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

መፍትሔው ፍላትፓክ ነው፤ ፕሮግራሞችን ከሚያስፈልጋቸው ላይብረሪ ጋር የሚጭን መሣሪያ። ከኡቡንቱ ማከማቻ ጫኑት፣ ፍላትሃብን (የፍላትፓክ ፕሮግራሞች የሚገኙበትን የኦንላይን ማከማቻ) ጨምሩበት፣ ጌሙን ከዚያ አውርዱ። ጂሊብሲውንም የግራፊክስ ላይብረሪውንም፣ ማለትም ሜሳን፣ ለብቻው ይዞ ስለሚመጣ የእናንተን የድሮውን አይነካም። እኔ ሱፐርተክስካርት የሚባለውን የእሽቅድምድም ጌም የምጫወተው በዚሁ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ጌም ሲወርድ ይከብዳል፤ ጌሙ ትንሽ ቢሆን እንኳ ከሥሩ የሚቀመጠው ራንታይም (ጌሞች የሚጋሩት የላይብረሪ ጥቅል) ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላል። ስለዚህ በሞባይል ዳታ አትጀምሩት፣ ዋይፋይ ጠብቁ። ቀጣዩ ጌም ያንኑ ራንታይም የሚጠቀም ከሆነ በጣም ይቀላል።

ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) ግን ያው የድሮው ነው፤ ግራፊክስ ካርዳችሁ በጣም አዲስ ከሆነ ይህ ብቻውን አይበቃም። የኤንቪዲያ ድራይቨር ባደሳችሁ ቁጥር ደግሞ ፍላትፓክንም አብራችሁ አፕዴት አድርጉ፤ የሁለቱ ቁጥር ካልገጠመ ጌሙ ካርዱን አያገኘውም።