የወጣትነት አስፈሪ ልብ ወለድዎ ዳግም ሲታተም ምን ይነካል፣ ምን ይተዋል?

የማሳተሚያ ውሉን አይተው መብቱ በእጅዎ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ እርሳስ ሳይዙ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ያንብቡት። በዚህ ንባብ ምንም አይታረምም፤ ፍርሃቱ ዛሬም ያዝ የሚያደርግዎትን ገጽ ብቻ ልብ ይበሉ። እነዚያ ገጾች ከፊደል ግድፈት በስተቀር ሳይነኩ ቢቀሩ ይሻላል፤ በሃያ ዓመት ዕድሜ የተጻፈ ፍርሃት ጉልበቱን የሚያገኘው ደራሲው ራሱ ሊያስረዳው ካልቻለው ነገር ነውና፣ በአርባ ዓመት ማብራሪያ ሲጨመርበት ይሟሽሻል።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ፣ ቪክቶር የተባለ ሰው ፍጡር ሠርቶ የሚያመጣበትን መዘዝ የሚተርከውን አስፈሪ ልብ ወለድ «ፍራንከንስታይን»ን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ በ18 ዓመቷ ነው። መጽሐፉ በ1818 ያለ ስሟ ለንደን ውስጥ በ500 ቅጂ ታተመ። በ1831፣ ባሏንና ሦስት ልጆቿን ከቀበረች በኋላ፣ ጽሑፉን አርማ፣ አዲስ መቅድምም ጽፋለት ዳግም አወጣችው። በመቅድሙ ለውጦቹ በዋናነት የአጻጻፍ እንደሆኑ፣ ከታሪኩም ምንም እንዳልቀየረች ትናገራለች፤ ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ያነበበ ግን ቀድሞ የቪክቶር የአክስት ልጅ የነበረችው ኤልሳቤጥ በኋለኛው ድሆች ያሳደጓት የባዕድ ልጅ ሆና፣ ቪክቶርም ከምርጫው ይልቅ ዕጣ ፈንታውን አብዝቶ ሲወቅስ ያገኛል። መለወጥ መብቷ ነበር፤ አልለወጥኩም ማለቷ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሊደገም የማይገባው ስሕተት ነው። ስለዚህ አንድን ገጸ ባሕርይ ወይም መጨረሻውን ከቀየሩ በመቅድሙ በግልጽ ያስታውቁ፤ የመጽሐፉም ሽፋን «የታረመ ሁለተኛ እትም» ይበል።

በሌላው በኩል መቅድሟ ሊጠና ይገባዋል። አንዲት ልጅ እግር ሴት እንዲህ ያለ ዘግናኝ ሐሳብ እንዴት መጣላት እያሉ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቋት ስለነበር፣ መልሱን በታሪክ መልክ ሰጠች፦ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ማለቱን፣ አብሯቸው የነበረው ገጣሚ ባይረን እያንዳንዳችን አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ ማለቱን፣ በየጠዋቱ «ታሪክ አገኘሽ?» ሲሏት አላገኘሁም እያለች ማፈሯን ትተርካለች። እርስዎም ስለ ወጣትነት ብዕርዎ ድክመት ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ (ይቅርታ የሚያነብ ሰው አይፈራም) ሐሳቡ የመጣበትን ቦታና ሰዓት ይጻፉ።

መጽሐፉ እንደ አዲስ በኮምፒውተር ከተለቀመ፣ አንዱ ከአሮጌው ቅጂ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው አዲሱን ይከታተል፤ የተዘለለ መስመር በዓይን ብቻ አይያዝም። ያልታረመውን ጽሑፍም ለብቻው ያስቀምጡ፤ ዛሬ የ1831ዱን ትተው የ1818ቱን የሚያሳትሙ አሳታሚዎች ጥቂት አይደሉም።