አኮምፖንግን በራስ መንገድ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

አኮምፖንግ በጃማይካ ሴንት ኤልዛቤት አውራጃ፣ ኮክፒት ካንትሪ የሚባለው ወጣ ገባ የኖራ ድንጋይ አገር ጫፍ ላይ ያለች የማሩኖች መንደር ናት። ከባርነት ያመለጡት ማሩኖች በኩጆ መሪነት እንግሊዞችን ተዋግተው በ1739 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል አስፈርመዋል። የቱሪስት አውቶቡስ በር ድረስ ስለማያደርስ ዝግጅት ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ የሚነሱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ፤ ጃማይካ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣን ሰው ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ ለሲቪል በሕግ ክልክል ነው። መብራቱ 110 ቮልት፣ ሶኬቱም እንደ አሜሪካ ጠፍጣፋ ነው።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በኦክቶበር 2025 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ሴንት ኤልዛቤትን ክፉኛ ስለጎዳ፣ ማደሪያው ሥራ ላይ መሆኑንና መንገዱ መከፈቱን ደውለው ሳያረጋግጡ አይነሱ።

ከኪንግስተን በማንዴቪል አድርገው ሳንታ ክሩዝ ይግቡ። የጃማይካ ዶላር እዚያው ያውጡ፣ ዘርዝረውም ይያዙ፤ መንደሩ ላይ ባንክ አይፈልጉ። ከዚያ በሩት ታክሲ (በተወሰነ መስመር ሰው እየጫነ በሚሄድ የጋራ ታክሲ) ወደ ማጎቲ፣ ከማጎቲ ደግሞ ሽቅብ ወደ አኮምፖንግ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ታክሲው ላይ ነው። ሕጋዊው መኪና ቀይ ታርጋ አለው። እንግዳ መሆንዎን ያየ ሾፌር ኮንትራት የፈለጉ ሊመስለው ይችላል፤ እነሱ ቻርተር ይሉታል፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ሳይገቡ «በሩት ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ ታሪፉንም አጠገብዎ ከቆመው ተሳፋሪ ያጣሩ። ሲገቡ «ጉድ ሞርኒንግ» ማለት አይርሱ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ እዚያ አገር ነውር ነው። መኪናው ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፣ ከኋላ አራት ሰው መጠቅጠቅም የተለመደ ነው። ትልቅ ሻንጣ የአንድ ሰው ቦታ ከያዘ የሰው ሒሳብ ሊያስከፍል ስለሚችል በጀርባ ቦርሳ መሄድ ያዋጣል። ከሰዓት በኋላ ማጎቲ የደረሰ ሰው ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ሊያጣ ይችላል፤ እሑድ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ከሳንታ ክሩዝ ይነሱ።

እንደደረሱ ብቻዎን መዞር አይጀምሩ። የመንደሩ መሪ ኮሎኔል ይባላል፤ የመጡበትን ጉዳይ ተናግረው ከነዋሪዎቹ አስጎብኚ ይያዙ፣ ክፍያውንም ቀድመው ይቁረጡ። አስጎብኚው ኪንዳ የሚባለውን የማንጎ ዛፍ ያሳይዎታል። የተቀደሱት ቦታዎች አንዳንዶቹ ለእንግዳ ዝግ ስለሆኑ የት መቆም እንዳለብዎ የሚነግርዎ እሱ ነው። ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሱ። ጫካው ውስጥ ያለ መሪ መግባት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ የኖራ ድንጋዩን ውሃ ቦርቡሮታል፣ ጉድጓዱን ቅጠል ይሸፍነዋል።

ያው ድንጋይ ውሃ ስለማይዝ ብዙው ቤት የሚጠቀመው ከጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ነው። ሲታጠቡ ቆጥቡ።

ዋናው በዓል ጃንዋሪ 6 ነው። አቤንግ የሚባለው የላም ቀንድ ይነፋል፣ ያለ ጨው የተቀቀለ የአሳማ ሥጋም ይበላል። ቀኑ ለእኛ የገና ጋድ ስለሆነ ጾመኛ ኢታል የሚባለውን የራስታዎቹን ሥጋ የሌለበት ምግብ ያፈላልግ፤ ቦዬ፣ ካላሉ የሚባል ጎመንና የዳቦ ፍሬ አይጠፋም። ሙዚቃው እስከ ንጋት ስለሚዘልቅ እንቅልፍ አይጠብቁ፤ ማደሪያ ከወራት በፊት ካልያዙም አያገኙም።

የመመለሻውን ነገር ከሚያወጣዎት ሾፌር ጋር ሳይወርዱ ይጨርሱ። ስልኩን ይቀበሉ፣ ሰዓት ይቁረጡ፣ ቀብድ ከጠየቀ ጥቂት ይስጡት፤ ቀሪውን ሳንታ ክሩዝ ሲደርሱ ይክፈሉ።