የሞተር ሳይክል ካቴና፦ ማጽዳት፣ ዘይት መቀባትና መወጠር

ካቴና በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ዘይት ይፈልጋል። ዝናብ ከመታው ወይም የኮረኮንች አቧራ ከጠጣ ግን ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ በዚያው ቀን ነው።

ጥሩው ሰዓት ከጉዞ መልስ፣ ካቴናው ሳይቀዘቅዝ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉና የኋላ ጎማውን በእጅ ያዙሩ። አስነስቶ በማርሽ እያዞሩ መጥረግ ጣት ያስቆርጣል፤ ማስፈራሪያ አይደለም።

ነጭ ጋዝ በነካ ለስላሳ ብሩሽ ጭቃውን ያስለቅቁ፣ በጨርቅ ያድርቁ። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አይንኩ፤ ብዙ ካቴናዎች በመገጣጠሚያቸው ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች አሏቸው። ቀለበቱ ከተበላ ፋብሪካው የሞላው ግሪስ ይወጣል።

ከዚያ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በታችኛው መስመር፣ ከውስጥ በኩል ያንጠባጥቡ፤ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፤ ካልተጠረገ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይበላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም የብረት ብናኝ አለበት። ጎማው ላይ ጠብታ እንዳይቀር።

ውጥረቱን ለማየት የታችኛውን መስመር መሃል በጣት ከታች ወደ ላይ ይግፉ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ቁርጡ ማኑዋሉ ላይ አለ። ሦስት አራት ቦታ ለክተው በጠበቀው ቦታ ያስተካክሉ። በኋላ ጎማው አክሰል ግራና ቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል ይሁኑ። ከልክ በላይ መወጠር ኩሽኔታ ይጨርሳል።

ካቴናውን ከኋላው መዘውር (ካቴናው ከሚዞርበት ጥርሳም ብረት) ላይ ሲስቡት ግማሽ ጥርስ ከታየ ዘይት አያድነውም፤ ከፊትና ከኋላ መዘውሮቹ ጋር ይቀየራል።