የባህር ዛፍ ቅጠልን ጨርቅ ላይ እንዴት እናትማለን?

ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ሲመጣ የተፈለገው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነው። ቅጠሉ ግን ቀለምም አለው። ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ በእንፋሎት ስታበስሉት ቅርጹን አትሞ ይቀራል።

ጨርቁ ንጹህ ጥጥ ይሁን። ለመለማመጃ አቡጀዲ ይበቃል። ከተጠራጠራችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድም ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የመጣ ማጠንከሪያ ስለሚኖረው በሳሙና ቀቅሉትና አለቅልቁት። ይቺን ካለፋችሁ ቀለሙ አይዝም።

የብረት ውሃው ቀድሞ ይዘጋጃል። የዛገ ሚስማር ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨምሩ። 1 እጅ አቼቶና 2 እጅ ውሃ አፍስሱበት፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቀመጥ። ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን አታጥብቁ። ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያደርቀው ታኒን በባህር ዛፍ ቅጠልም ውስጥ አለ። ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ሥዕሉን የሚያወጣው እሱ ነው።

በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ የብረት ውሃ በጥብጡ። ጨርቁን ነክራችሁ ጭመቁት። ጓንት አድርጉ። ብረት ከበዛ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ስለዚህ አትስገብገቡ።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ። የነጭ ባህር ዛፍ ለጋ ቅጠል ክብ ብጤ ነው፤ የበሰለው ደግሞ እንደ ማጭድ ረጅምና ቆልመም ያለ ነው። ሁለቱን ብትቀላቅሉ ሥዕሉ ያምራል። እርጥቡን ጨርቅ ዘርግታችሁ ቅጠሎቹን ደርድሩ። እኔ ባዶ ቦታ መተው እወዳለሁ፤ ሲጨናነቅ ቅጠሉ ከቅጠል አይለይም።

ከዚያ በዱላ ላይ ጠቅልሉት። በደንብ ጥብቅ አድርጉት፣ በሲባጎም ዙሪያውን እሰሩት። ከቅጠሉ ዓይነት ይልቅ ይሄ ነው የሚወስነው፤ ከላላ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ውሃው እንዳይነካው ከፍ አድርጋችሁ በእንፋሎት ለ2 ሰዓት ያህል አብስሉት። መስኮት ክፈቱ። ድስቱ ከዚህ በኋላ ለወጥ አይሆንም። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ እስከ ማግስቱ አትፍቱት። ስትፈቱት ቅጠሎቹን አራግፉና ጥላ ላይ አስጡት። ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ሳሙና ለብቻው እጠቡት። ከነጭ ልብስ ጋር ግን እንዳትቀላቅሉት።