ስካን የተደረገ ሰነድ ዳታቤዝ ውስጥ ስታስቀምጡ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ ደብተር ስካን እያደረግሁ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ አስገባ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ስከፍተው የብዙው ምስል የታችኛው ግማሽ ግራጫ ሆኗል። ምስሉ የሚቀመጥበትን ዓምድ ዓይነት «ብሎብ» (እንደ ምስል ያለ ጥሬ ፋይል የሚይዝ) ብየው ነበር፤ ብሎብ የሚይዘው 65,535 ባይት ብቻ ነው። ከልክ ያለፈውን አልቀበልም የሚለው ጥብቅ ሞዱ ስለጠፋ ዳታቤዙ ትርፉን ቆርጦ ጣለው። ከአማኑኤልና ከብቸና የመጡ አባቶችን ደብተራችሁን እንደገና አምጡልኝ ማለት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የፋይሉን መጠን እዩ። እስከ 16 ሜጋባይት «ሚዲየምብሎብ»፣ እስከ 4 ጊጋባይት «ሎንግብሎብ» ይበቃል። በአንድ ጊዜ ወደ ዳታቤዙ የሚላከውን መጠን የሚወስነው «ማክስ አላውድ ፓኬት» የሚባለው ልክም ከፋይሉ መብለጥ አለበት። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ደግሞ «ባይትኤ» የሚባለው ዓይነት እስከ 1 ጊጋባይት ይይዛል።

ምስሉን ለብቻው ሠንጠረዥ ስጡት። ስሙ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና የሻ-256 አሻራው (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ፋይሉ ቢለወጥ የሚለወጥ ኮድ) በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ የስም ዝርዝር ለማየት ምስል ሁሉ መጫን የለበትም። ካስገባችሁ በኋላ መልሳችሁ አውጡና አሻራውን አመሳክሩ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እደርስበት ነበር።

ምስሉንና መረጃውን ወደ ሁለቱ ሠንጠረዦች በአንድ ትራንዛክሽን አስገቡ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ አንዱም አይገባም። ፋይሉን ዲስክ ላይ ትቼ አድራሻውን ብቻ ከመመዝገብ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው። ቪዲዮ ግን ባክአፑን ስለሚያከብድ ዲስክ ላይ ይሁን።

ከማይኤስኪውኤል ባክአፕ ስትወስዱ ምስሉን በፊደልና በቁጥር የሚጽፈውን «ሄክስ-ብሎብ» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ፤ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጫኑና አንድ ደብተር እስከ ግርጌው ድረስ ክፈቱ።